ቴሌስኮፕ ሳይኖር የአስትሮፊዚክስ መመረቂያ ጥናት ይሠራል ወይ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ደብረ ማርቆስ የምማር የ4ኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴን በአስትሮፊዚክስ መሥራት እፈልጋለሁ። ቴሌስኮፕ ግን የለንም። አማካሪዬ የሶሊድ ስቴት (የጠጣር ነገሮች) ፊዚክስ ሰው ናቸው፤ "መስኬ አይደለም፣ ይቅርብሽ" ይሉኛል። ጓደኞቼ ደግሞ ስለ ብላክ ሆል ጻፊ ይሉኛል። ላፕቶፔ አሮጌ ነው፤ ኢንተርኔቱም እንደሚያውቁት ነው። አያቴ መሪጌታ ናቸው፣ ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ። ከእሱ ጋር የሚገናኝ ነገርስ ይኖር ይሆን? ምን ብሠራ ይሻለኛል?»

ምላሽ፦

ይሠራል። ያውም በደንብ ይሠራል። ጥያቄሽ ውስጥ አምስት ነገር አለ፤ ሁሉንም እመልሳለሁ።

ከቴሌስኮፑ ልጀምር። ዛሬ ሰማይን የሚያጠኑ ብዙ ባለሙያዎች ራሳቸው ቴሌስኮፕ ላይ አይቀመጡም። ሌላ መሣሪያ የሰበሰበውን መረጃ ነው የሚያጠኑት። ትልቁ ምሳሌ ጋያ ናት። ይህች የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ ሳተላይት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 መጥቃ ለዓመታት ከዋክብትን ስትለካ ኖራለች። በ2022 የወጣው 3ኛው የመረጃ እትሟ ወደ 1.8 ቢሊዮን የሚጠጉ የሰማይ አካላትን ይዟል። ከእነዚህ ውስጥ ከ1.4 ቢሊዮን ለሚበልጡት ፓራላክሳቸው፣ ማለትም ርቀታቸውን የሚነግረን ጥቃቅን ማዕዘን፣ ተለክቷል። መረጃው ለማንም ክፍት ነው። አንቺ ደብረ ማርቆስ ሆነሽ የምታወርጂው ፋይልና አንድ የጀርመን ፕሮፌሰር የሚያወርደው ፋይል ያው አንድ ነው።

እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች እንዳሉ ታውቂያለሽ። ሄደሽ ብታያቸው ደስ ይለኛል። ግን የመመረቂያ ጥናትሽን በሌላ ተቋም የምልከታ ሰዓት ላይ አታንጠልጥይው። ደመና አለ፣ ብልሽት አለ፣ ተራ መጠበቅ አለ። ሴሚስተሩ ደግሞ አይጠብቅሽም።

አሁን ወደ ጓደኞችሽ ምክር። «ስለ ብላክ ሆል መጻፍ» ርዕስ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። በዚህ መንገድ የሚሄዱ ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ መጨረሻቸውም አንድ ዓይነት ነው። ከመጽሐፍ ላይ የአይንስታይንን ቀመሮች ይገለብጣሉ፣ የሽዋርዝሽልድን መፍትሔ (ብላክ ሆልን የሚገልጸውን የታወቀ ስሌት) ይደግማሉ፣ አንድ ቆንጆ ፎቶ ይለጥፋሉ። ዲፌንስ ላይ ፈታኙ «እሺ፣ ከዚህ ውስጥ ያንቺ ሥራ የቱ ነው?» ሲል መልስ ይጠፋል። እኔ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምላቸው አንድ ነገር ነው፤ ጥያቄያችሁን ወደ አንድ ቁጥር አውርዱት። መልሱ ቁጥር የሆነ፣ ቁጥሩም ከነስህተት ወሰኑ የሚጻፍ ጥያቄ ያዢ። «የዚህ የከዋክብት ክምችት ርቀት ስንት ነው? ዕድሜውስ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን ከጀመርሽው በኋላ ትንሽ እንዳልሆነ ታዪዋለሽ።

እስቲ ይህንኑ ምሳሌ እስከ ታች ልውረድበት። ለአንቺ የምመርጥልሽም እሱን ነው።

ፕሬሴፔ የሚባል የከዋክብት ክምችት አለ። በየካቲትና በመጋቢት ምሽት ከጎጃም ሰማይ አናት ላይ፣ ትንሽ ወደ ሰሜን ጋደል ብሎ ይታያል። ከከተማው መብራት ወጣ ካልሽ በዓይን እንደ ደብዛዛ ብናኝ ነው። በባይኖኩላር ስታዪው በደርዘን የሚቆጠሩ ከዋክብት ሆኖ ይበተናል። የምታጠኚውን ነገር በዓይንሽ ማየትሽ ለዲፌንስ ነጥብ አይጨምርልሽም፤ ቢሆንም አንድ ምሽት ወጥተሽ እዪው።

ወደ ጋያ የመረጃ ማኅደር ገብተሽ፣ በዚህ ክምችት መሃል 3 ዲግሪ ራዲየስ ያለው ክብ ውስጥ ያሉትን ከዋክብት ጠይቂ። መሃሉ በራይት አሴንሽን 130.1 ዲግሪ፣ በዴክሊኔሽን 19.7 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እነዚህ እንደ ኬንትሮስና ኬክሮስ የሰማይን ቦታ የሚያመለክቱ ቁጥሮች ናቸው። ሁሉንም አታውርጂ። ፓራላክሳቸው ከ5 እስከ 6 ሚሊ አርክሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 1/3,600,000 ነው) የሆኑትን ብቻ ውሰጂ። ከየኮከቡ ቦታውን፣ ፓራላክሱን ከነስህተቱ፣ በሰማይ ላይ የሚያደርገውን ዓመታዊ እንቅስቃሴ፣ ብርሃኑንና ቀለሙን፣ እንዲሁም «ሩዌ» የሚባለውን የጥራት ቁጥር ያዢ። ፋይሉ በጣም ትንሽ ነው። በሞባይል ዳታም ይወርዳል።

ከዚያ የመጀመሪያውን ግራፍ ሥሪ። በአንዱ መስመር የምሥራቅ-ምዕራብ እንቅስቃሴ፣ በሌላው የሰሜን-ደቡብ እንቅስቃሴ። አብዛኞቹ ከዋክብት እዚህም እዚያም ተበታትነው ታገኛቸዋለሽ። አንድ ቦታ ላይ ግን ጥቅጥቅ ያለ ክምር አለ፤ በዓመት −36 እና −13 ሚሊ አርክሰከንድ አካባቢ። እነዚያ አብረው የሚጓዙት የፕሬሴፔ ቤተሰቦች ናቸው። የቀሩት በአጋጣሚ በዚያው ርቀት ላይ የተገኙ መንገደኞች ናቸው። በክምሩ ዙሪያ ክብ አስምሪና አባላቱን ለዪ። ክቡን ጠበብ ስታደርጊው ስንት አባል እንደሚቀርሽ፣ ሰፋ ስታደርጊው ስንት መንገደኛ እንደሚገባብሽ መዝግቢ። ይህ ራሱን የቻለ አንድ ንዑስ ክፍል ይወጣዋል።

ርቀቱን በፓርሴክ ለማግኘት 1,000ን በሚሊ አርክሰከንድ በተለካው ፓራላክስ ታካፍያለሽ። አማካዩ 5.4 ሚሊ አርክሰከንድ አካባቢ ይመጣል፤ ስለዚህ ርቀቱ 185 ፓርሴክ ገደማ፣ ማለትም ወደ 600 የብርሃን ዓመት ነው። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ «ጨረስኩ» ይላል። የሚገርመው ነገር የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው።

በመቶዎች የሚቆጠሩ ከዋክብት ስላሉሽ፣ የአማካዩን ስህተት በተለመደው መንገድ በቁጥራቸው ካሬ ሥር ስታካፍይው እጅግ ትንሽ ይሆናል። የፓርሴክ ጥቂት አስረኛ ብቻ ታገኛለሽ። ያንን ቁጥር አትመኚው። የጋያ ፓራላክስ ራሱ ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚለካው፤ ልዩነቱ እንደ ኮከቡ ብርሃን፣ ቀለምና ቦታ ቢለያይም ብዙ ጊዜ ከ0.02 እስከ 0.04 ሚሊ አርክሰከንድ ነው። ይህ በሁሉም ኮከብ ላይ በአንድ አቅጣጫ ያለ ስህተት ስለሆነ፣ አንድ ሺህ ኮከብ ብትጨምሪም አይቀንስም። የፕሬሴፔን ርቀት በ1 ፓርሴክ ገደማ ይቀይረዋል። ከስታቲስቲክሱ ስህተት ይበልጣል ማለት ነው። ማስተካከያውን የሚያሰላ ዝግጁ የፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋ ነው) ፓኬጅ አለ፤ ማስተካከያው ሲጨመርና ሳይጨመር የሚመጣውን ውጤት ሁለቱንም ጻፊ። የማይቀንሰውን ስህተት ከሚቀንሰው የለየ የዲግሪ ተማሪ ሳይ እኔ በግሌ በጣም ነው ደስ የሚለኝ። መረጃውን ሳይሆን ልኬቱን ገብቶታል ማለት ነው።

ቀጥሎ የቀለምና የብርሃን ግራፍ አለ። ከየኮከቡ የሚታይ ብርሃን ላይ ወደ 6.3 ማግኒቲዩድ (የከዋክብት ብርሃን መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ይበዛል) ቀንሺ፤ ለ185 ፓርሴክ የሚወጣው የርቀት ማስተካከያ እሱ ነው። አሁን ከዋክብቱ በአንድ ረጅም መስመር ተሰልፈው ይወጣሉ። ከዚህ መስመር በላይ 0.75 ማግኒቲዩድ ከፍ ብሎ ሌላ ቀጭን መስመር ታያለሽ። እነዚያ ጥንድ ከዋክብት ናቸው። ሁለት እኩል ኮከብ አንድ ላይ ሲታይ ብርሃኑ እጥፍ ነው፤ እጥፍ ብርሃን በማግኒቲዩድ 0.75 ነው። ለርቀቱ ሥራ ሩዌ ከ1.4 በላይ የሆኑትን ማውጣት ይመከራል፤ እዚህ ግራፍ ላይ ግን አታውጫቸው፤ ብዙዎቹ ጥንዶች ስለሆኑ መስመሩ ይሳሳብሻል። ደግሞ ደብዛዛ ከዋክብትን ለመቀነስ ብለሽ በ18ኛው ማግኒቲዩድ ላይ ከቆረጥሽ፣ ከክምችቱ ነጭ ድንኮች (ነዳጃቸውን ጨርሰው የተኮማተሩ ከዋክብት) አንዳንዶቹ ይቀሩብሻል። የት እንደቆረጥሽና ለምን እንደቆረጥሽ መናገር የሥራው አካል ነው።

ዕድሜው የሚነበበው መስመሩ ከላይ ከሚታጠፍበት ቦታ ነው። ትላልቅ ከዋክብት ነዳጃቸውን ቀድመው ይጨርሳሉና ክምችቱ ባረጀ ቁጥር መታጠፊያው ወደ ታች ይወርዳል። የፓዶቫ ቡድን በድረ ገጹ ላይ ለየዕድሜው የተሰሉ መስመሮችን በነፃ ይሰጣል። የ400፣ የ600፣ የ800 ሚሊዮን እና የ1 ቢሊዮን ዓመቱን አውርደሽ በግራፍሽ ላይ ደርቢ። ፕሬሴፔ አብዛኛውን ጊዜ ከ600 እስከ 800 ሚሊዮን ዓመት መሃል ይወድቃል። በዓይን ማመሳከር ለዚህ ደረጃ ይበቃል። ነገር ግን የክምችቱ ብረታማ ንጥረ ነገር ከፀሐይ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ያንን ስትቀይሪ ዕድሜው ምን ያህል እንደሚቀየር አሳዪ። ፈታኝ ሊጠይቅ የሚችለው ይህንኑ ነው።

ኮድሽን ግን አስቀድመሽ በሌላ ክምችት ፈትኚው። ፕሊያድስን፣ ማለትም ሰባቱን ከዋክብት፣ ውሰጂ። ርቀታቸው 136 ፓርሴክ አካባቢ መሆኑ በደንብ የታወቀ ነው። ኮድሽ 136 አካባቢ ካልሰጠሽ የሆነ ቦታ ተበላሽቷል። ይህን በተለይ የምለው ዛሬ ብዙ ተማሪ ኮዱን በቻትጂፒቲ ስለሚያጽፍ ነው። መጠቀም ትችያለሽ። ኮዱ መሮጡ ግን ትክክል ነው ማለት አይደለም።

ስለ ላፕቶፕሽ ብዙ አትጨነቂ። ለዚህ ሥራ 4 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ይበቃል። ፓይተንን፣ እንዲሁም አስትሮፓይንና ቶፕካትን (የሥነ ፈለክ መረጃ ማስሊያና ማሳያ ሶፍትዌሮች) አንዴ ከካምፓስ ዋይፋይ ወይም ከጓደኛ በፍላሽ ጫኚ፤ ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። በእኛ አካባቢ ኔትወርክ ለረጅም ጊዜ ሊጠፋ እንደሚችል ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ መረጃውን፣ የምትጠቅሻቸውን ጽሑፎች፣ የዕድሜ መስመሮቹን ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት አውርጂና ሁለት ቦታ አስቀምጪ። አንዱ ፍላሽ ዶርም፣ ሌላው ቤት ይሁን። ለማኅደሩ ያቀረብሽውን ጥያቄ ቃል በቃል በደብተር ላይ ጻፊ፤ ከቀኑ ጋር። በሰኔ ወር «ይህንን ፋይል እንዴት ነበር ያወረድኩት?» ማለት አይመችም።

ወደ አማካሪሽ ልምጣ። እውነቱን ለመናገር «መስኬ አይደለም» ማለታቸው ሐቀኝነት ነው፤ አክብሪላቸው። ግን አንድ ነገር አስቢ። የሶሊድ ስቴት ሰው የፌርሚ ጋዝን፣ ማለትም የተጨናነቁ ኤሌክትሮኖችን ፊዚክስ፣ ከማንም በላይ ያውቃል። በመዳብ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች የፌርሚ ጉልበት 7 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። በነጭ ድንክ ኮከብ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ኤሌክትሮን ቮልት ይደርሳል። ፊዚክሱ ግን አንድ ነው፤ ኮከቡ እንዳይደረመስ የያዘው ያው የተጨናነቀ የኤሌክትሮን ጋዝ ነው።

ስለዚህ ምናልባት ወደ ቲዮሪ የምታደሊ ከሆነ ሁለተኛ ምርጫ አለሽ። የነጭ ድንክን የመጠነ ቁስና የራዲየስ ግንኙነት በኮምፒውተር አስሊ። ሁለት ዲፈረንሺያል ቀመሮች ናቸው፤ ሩንጌ-ኩታ የሚባለው ቀመርን በቁጥር የመፍቻ ዘዴ ይበቃቸዋል። የመሃል ጥግግቱን እየጨመርሽ ስትሄጂ ኮከቡ እያነሰ ይሄዳል፤ መጠነ ቁሱ ደግሞ ወደ 1.4 የፀሐይ መጠነ ቁስ ተጠግቶ ይቆማል። ሕንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ቻንድራሴካር ይህን ነገር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930 ከሕንድ ወደ እንግሊዝ በመርከብ ሲጓዝ ነው። ገና 19 ዓመቱ ነበር፤ የመጀመሪያ ዲግሪውን መጨረሱ ነበር። ያሰላሽውን መስመር በፊዚክስ ክፍል የምትማሪው ስታቲስቲካል ሜካኒክስ ይደግፈዋል፤ አማካሪሽም እያንዳንዱን እርምጃ ሊያርሙልሽ ይችላሉ። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ መሆኑም አንድ ነገር ነው።

የትኛውንም ብትመርጪ ባዶ እጅሽን ቢሯቸው አትሂጂ። አንድ ገጽ ፕሮፖዛልና ራስሽ የሠራሽው አንድ ግራፍ ይዘሽ ሂጂ። «ዶክተር፣ የከዋክብቱን ነገር እኔ አነባለሁ፤ የስህተት ትንተናዬንና ስሌቴን ግን እርስዎ ቢያዩልኝ» በያቸው። ብዙ መምህር ተማሪው ሥራውን ጥሎበት እንዳይጠፋ ነው የሚፈራው። የተሠራ ነገር ሲያይ ልቡ ይራራል። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስፔስ ፊዚክስ መምህራን አንዱን እንደ ተባባሪ አማካሪ መጠየቅም ይቻላል፤ እዚያ ያለው የዋሸራ የራዳር ምርምር ቤተ ሙከራ በዋናነት የሚያጠናው አዮኖስፌርን (ኤሌክትሪክ የተሞላውን የላይኛውን ከባቢ አየር) ቢሆንም፣ መረጃ እንዴት እንደሚያዝ የሚያውቁ ሰዎች አሉበት። እግረ መንገዴን ልበልሽ፣ የመግነጢሳዊው ምድር ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ አዮኖስፌር ራሱ ለእኛ አገር ተማሪ የሚያኮራ ርዕስ ነው። አንቺ ግን የጠየቅሽኝ ስለ ከዋክብት ነው።

አሁን ወደ አያትሽ። ይህን ጥያቄ ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ፤ መልሱ አዎ ስለሆነ።

ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያናችን የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ማስሊያ፣ በ19 ዓመት ዑደት ላይ የቆመ ነው። አያትሽ እንደሚያሳዩሽ፣ ለ2018 ዓመተ ምሕረት 5500 ጨምረሽ 7518 ዓመተ ዓለም ታገኛለሽ። በ19 ስትገድፊው 13 ይተርፋል፤ አንድ ስትቀንሺ ወንበር የሚባለው ቁጥር 12 ነው። በ11 አባዝተሽ በ30 ስትገድፊው አበቅቴ የሚባለው ቁጥር 12፣ እሱን ከ30 ስትቀንሺ የሚቀረው መጥቅዕ ደግሞ 18 ይሆናል። ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ያለው ሐሳብ፣ 19 የፀሐይ ዓመትና 235 የጨረቃ ወር እኩል ናቸው የሚል ነው። እኩል ሊሆኑ ትንሽ ይቀራቸዋል። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 በሚሆንበት አቆጣጠር 19 ዓመት 6,939.75 ቀን ነው። 235 የጨረቃ ወራት ግን 6,939.69 ቀን ናቸው። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ይህች ልዩነት እየተጠራቀመች በ308 ዓመት ገደማ አንድ ሙሉ ቀን ትሆናለች።

እንግዲህ ጥያቄው ይኸውልሽ፤ በባሕረ ሐሳብ የሚሰላው የጨረቃ ሠርቅና በሰማይ ላይ ያለው እውነተኛ ሠርቅ ዛሬ ስንት ቀን ይራራቃሉ? ይህ ቁጥር ነው፤ ይለካል። ስካይፊልድ በሚባለው የፓይተን ፓኬጅ፣ 17 ሜጋባይት ገደማ በሆነ አንድ የናሳ የፕላኔቶች ፋይል፣ እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 2050 ያሉትን የጨረቃ ሠርቆች ሁሉ ማስላት ትችያለሽ። ከ1,800 በላይ ሠርቅ ይሆናል። ለእያንዳንዱ የባሕረ ሐሳቡን ቀን አስልተሽ ልዩነቱን በግራፍ አስቀምጪ። መስመሩ በዝግታ ሲያዘነብል ታያለሽ። ወደ ኋላ አስረዝመሽ ዜሮ የሚሆንበትን ዘመን ፈልጊ። ሥርዓቱ ከሰማዩ ጋር በትክክል ይገጥም የነበረበት ዘመን መቼ እንደሆነ ይነግርሻል፤ ከነስህተት ወሰኑ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። ሠርቅ የምንለው ጨረቃ ከፀሐይ ጋር የምትገጥምበትን ቅጽበት ነው ወይስ ቀጭኗ ጨረቃ በዓይን የምትታይበትን ምሽት? በሁለቱ መካከል አንድ ወይም ሁለት ቀን አለ። አንድ ቀን ደግሞ ወደ ኋላ ሲሰላ 300 ዓመት ነው። ይህን ፓይተን አይመልስልሽም። አያትሽን ጠይቂያቸው። በዲማም ሆነ በመርጡለ ማርያም የተማሩ ሌሎች መምህራን ካገኘሽ እነሱንም ጠይቂ፤ የነገሩሽንም በጽሑፍሽ ውስጥ ከነማመስገኛው አስገቢ።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ። ይህ በትክክለኛ ስሙ የሰማይ ሜካኒክስ ነው እንጂ አስትሮፊዚክስ አይደለም። አንዳንድ ዲፓርትመንት ይቀበለዋል፣ አንዳንዱ «ታሪክ ነው» ሊል ይችላል። ስለዚህ ፕሮፖዛሉን ስትጽፊ ስለ ሃይማኖታዊ ትርጓሜው ሳይሆን ስለ ልኬቱ ጻፊ፤ የጨረቃ ምሕዋር፣ የስህተት ትንተና፣ የመስመር ማስማማት። እምቢ ካሉሽ ወደ ፕሬሴፔ ተመለሽ።

የእኔን ምርጫ ካልሽ፣ ፕሬሴፔን ዋና ሥራሽ አድርጊው። የባሕረ ሐሳቡን ደግሞ ጎን ለጎን ጀምሪው፤ አያትሽ በሕይወት ሳሉ መጠየቅ ያለበት ነገር አለውና። የመጀመሪያውን የእንቅስቃሴ ግራፍ ስትሠሪ ላኪልኝ። ክምሩ ካልታየሽ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የፓራላክሱ ገደብ ሳይገባ መቅረቱ ወይም በራይት አሴንሽን ላይ ዲግሪና ሰዓት መደባለቁ ነው፤ መጀመሪያ እሱን እዪ።